ጊምፕ በድንገት ሲዘጋ ምክንያቱን እንዴት እንደምፈልግ

ሥራዬ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የሠርግ መጥሪያና የሱቅ ማስታወቂያ ማዘጋጀት ነው። ለዚህ ሁሉ ጊምፕን እጠቀማለሁ። ብዙ ባለሙያዎች ይህን ፕሮግራም የሚያውቁት ያለ ክፍያ የሚገኝ የምስል ማስተካከያ በመሆኑ ነው። እኔን ግን ከዋጋው ይልቅ የጠቀመኝ የምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው፤ እምቢ ሲለኝ ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ድረስ ተከትዬ ማግኘት እችላለሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም። ጊምፕ የተጻፈበትን የሲ ቋንቋንም የማውቀው ሌሎች የጻፉትን እያዘገምኩ ለማንበብ ያህል ነው። ጉድለት ፈልጎ ለማግኘት ከዚያ በላይ እምብዛም አላስፈለገኝም፤ ይህን የምጽፈውም እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ሥራው የእነሱ እንዳልሆነ አድርገው እንዳይተዉት ብዬ ነው።

«ጊምፕ ተበላሸ» ብለው ከሚደውሉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ የገጠማቸው የፕሮግራም ጉድለት አይደለም። ብሩሹ ቀለም አልወጣ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን የራቀ የተረሳ ሴሌክሽን (ሥራው በእሱ ውስጥ ብቻ እንዲሆን የተመረጠ የምስሉ ክፍል) አለ፤ ወይም የተመረጠው ሌየር (ምስሉ ከተሠራባቸው ንብርብሮች አንዱ) ሌላ ነው፤ ወይም የተለጠፈው ምስል ከሌየሩ ጋር ሳይዋሐድ ተንሳፍፎ ቀርቷል። ሴሌክሽኑን ማንሳት፣ ትክክለኛውን ሌየር መምረጥና የመሣሪያውን ማስተካከያ ወደ መነሻው መመለስ ይበቃል። ከጊምፕ እትም 2.10 ወደ 3.0 የተሻገረ ሰው የድሮ ፕለጊኖቹን (በጊምፕ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ቢያጣም ጉድለት አይደለም። የ2.10 የፓይተን ፕለጊኖች በአሮጌው ፓይተን 2 የተጻፉ ስለሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በወጣው 3.0 ላይ እንደገና ካልተጻፉ አይሠሩም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ የጊምፕን የግል ማስተካከያ ፎልደር ስሙን ለውጡትና ፕሮግራሙን እንደገና ክፈቱት። በሊኑክስ የሚገኘው ከመነሻ ፎልደራችሁ ሥር ኮንፊግ በሚባለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው፤ በዊንዶውስ ደግሞ አፕዳታ ውስጥ ነው። ጊምፕ ፎልደሩን ሲያጣ አዲስ ይሠራል። ችግሩ ከጠፋ ምክንያቱ ስሙን በለወጣችሁት ፎልደር ውስጥ አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው እንዳትሰርዙት የምለምነው። ከሰረዛችሁት ፕሮግራሙ ይነሣል፤ ምክንያቱ ግን አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይ ጊምፕ በመክፈቻው ምስል ላይ ፎንቶችን እየጫነ እንዳለ ያሳይና በድንገት ይዘጋ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት «ልጄ፣ አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ልጆቹ አጥፍተው ጭነውታል፤ ለውጥ የለውም» አልኳቸው። ለውጥ የማይኖርበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙ ሲጠፋ የተጠቃሚው ማስተካከያም፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ፎንቶችም እንዳሉ ይቀመጣሉ። ችግሩ ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ካለ መቶ ጊዜ ቢጫንም ያው ነው።

ጊምፕ ከትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ ሲከፈት የሚቀበላቸው አማራጮች አሉት። አንዱ ኖ-ፎንትስ ይባላል፤ ምንም ፎንት ሳይጭን እንዲከፈት ያደርገዋል። በዚያ አማራጭ ስከፍተው ተከፈተ። ይህች አንዲት ሙከራ የመፈለጊያውን ቦታ በእጅጉ አጠበበችው፤ ከእንግዲህ ስለ ብሩሽ፣ ስለ ፕለጊን፣ ስለ ስክሪን ካርድ መጨነቅ አያስፈልግም። የቀረው ከፎንቶቹ መካከል ጥፋተኛውን መለየት ነው። ያ ኮምፒውተር ደግሞ በዓመታት ውስጥ ከየፍላሹ የተሰበሰቡ በመቶ የሚቆጠሩ ፎንቶች ነበሩበት።

አንድ በአንድ መሞከር ቀን ይፈጃል። ግማሹን አውጥቶ መሞከር ግን ፈጣን ነው። ግማሹ ከወጣ በኋላ ጊምፕ ከተከፈተ ጥፋተኛው ከወጡት ውስጥ ነው፤ ካልተከፈተ ከቀሩት ውስጥ ነው። ከዚያ የዚያኑ ግማሽ፣ ከዚያም የግማሹን ግማሽ። አንድ ሺህ ፎንት ቢኖር እንኳ በዐሥር ዙር አንዱ ላይ ይደረሳል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። የዊንዶውስ 10 እና የ11 ፎንቶች በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጡም፤ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫኑት በራሱ በተጠቃሚው አፕዳታ ሥር ናቸው። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የመጀመሪያው አከፋፈት ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል፤ የፎንቶቹን ማውጫ እንደገና እየሠራ ነውና ቀጥ ብሏል ብላችሁ አትዝጉት። ጥፋተኛውን ካገኛችሁ በኋላም የቀሩትን ሁሉ መልሳችሁ ሞክሩ። የተበላሸው አንድ ፎንት ብቻ መሆኑን የሚያረጋግጠው ይህ ነው።

የተገኘው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የጋራ ደንብ) በፊት የተሠራ የአማርኛ ፎንት ነበር። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሠሪዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ የፊደሎቻችን ብዛት በአንድ ፎንት ውስጥ ካለው ቦታ ስለሚበልጥም አንዱን ገበታ በሁለትና ከዚያም በላይ ፋይሎች ከፋፈሉት። በዚያ ዘመን መሣሪያ እንዲህ መሥራታቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ ብዙ መጽሐፍና ጋዜጣ ታትሞበታል። ነገር ግን ከእነዚህ ፋይሎች አንዳንዶቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩና በሌሎች ሰዎች ሲነካኩ ውስጣዊ ሰንጠረዦቻቸው ተበላሽተዋል። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ እንደ ላቲን ፎንት ነው የሚያያቸው። በሊኑክስ ላይ ኤፍሲ-ሊስት የሚባለውን ትእዛዝ አማርኛ የሚደግፉትን ብቻ እንዲዘረዝር ብታዙት ከነዚህ አንዳቸውም አይወጡም።

ፎንቱን አውጥቼ ሥራው ቀጠለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ፋይሉን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ምክንያቱም «ፎንቱ መጥፎ ነው» ማለት የጥያቄው ግማሽ መልስ ነው። መጥፎ ፋይል ሲያጋጥመው ፕሮግራም «ይህን ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ማለፍ እንጂ መዘጋት የለበትም። ታዲያ የዘጋው ማን ነው?

ጊምፕ ብቻውን የቆመ ፕሮግራም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪዎች ሳሉ ጀመሩት፤ ቆይተውም መስኮቶቹንና ቁልፎቹን የሚሥለውን ክፍል ራሳቸው ሠሩ፤ ያ ክፍል በኋላ ጂቲኬ ተብሎ ራሱን ቻለና የሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች መሠረት ሆነ። ዛሬ አንዲት «ሀ» ጊምፕ ውስጥ እስክትታይ ድረስ በብዙ እጅ ታልፋለች። ፎንቱን ፈልጎ የሚያገኘው ፎንትኮንፊግ ነው። የፎንቱን ፋይል አንብቦ ቅርጹን የሚሥለው ፍሪታይፕ ነው። የትኛው ቅርጽ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሃርፍባዝ፣ መስመርና አንቀጽ አድርጎ የሚያደራጀው ደግሞ ፓንጎ ነው። ጊምፕ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣውን ይቀበላል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሠሪዎች፣ የየራሳቸው የጉድለት መዝገብ አላቸው። ጉድለቱን ከማይመለከተው ቡድን ዘንድ ማስመዝገብ ለወራት ያዘገየዋል።

ደግነቱ አብዛኞቹ ክፍሎች ያለ ጊምፕ ለብቻቸው የሚሞከሩበት ትንንሽ ትእዛዝ አላቸው። ኤፍሲ-ስካን አንድን የፎንት ፋይል በፎንትኮንፊግ በኩል ያነባል፤ ኤችቢ-ቪው በሃርፍባዝ፣ ፓንጎ-ቪው በፓንጎ አንድ ቃል ይሥላሉ። ያንን ፋይል መጀመሪያ ለኤፍሲ-ስካን ሰጠሁት። በአዲሱ ሊኑክስ ላይ ፋይሉን አልቀበልም ብሎ በሰላም አለፈው። ብዙ ዓመት ባስቆጠረ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስሞክረው ግን ትእዛዙ ራሱ ተቋርጦ ወደቀ። ጊምፕ በቦታው አልነበረም። ስለዚህ ጉድለቱ ከታች ባለው አሮጌ የፎንት አንባቢ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ውስጥ ነበረ፤ በአዲሱ እትም ተስተካክሏል። በማተሚያ ቤቱ የነበረው የጊምፕ መጫኛ ለዓመታት ሳይታደስ የቆየ በመሆኑ አብሮት የመጣው ላይብረሪም ያው አሮጌው ነበር። አዲሱን እትም ጫንን፤ ፎንቱን መልሰን ብናስገባውም ጊምፕ ተከፈተ። አዲስ መዝገብ መክፈትም አላስፈለገም።

በዚሁ መንገድ ሌላ ጉዳይም ለይቻለሁ። የመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ ያለ ደንበኛ የማጥበቂያ ምልክት፣ ማለትም ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡትን ሁለት ነጥቦች፣ ይፈልግ ነበር። «አለ» ጠብቆና ላልቶ የሚለየው በእሷ ነውና ቦታዋን መሳት አይገባትም። ጊምፕ ውስጥ ምልክቷ ወደ ጎን ሸሽታ ከሚቀጥለው ፊደል ጋር ትጋጭ ነበር። ያንኑ ቃል በኤችቢ-ቪው ስሥለው ያው ሆነ። ፎንቱን ወደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ስቀይር በሁለቱም ቦታ ተስተካከለ። እንግዲህ ጊምፕም ሃርፍባዝም ንጹሕ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፎንት ምልክቷ በፊደሉ ላይ የት እንደምትቀመጥ የሚናገር መረጃ የለውም። የሚጻፍለት ለፎንቱ ሠሪ ነው።

የአማርኛ አጻጻፍ ራሱ ሲያስቸግርም መለያ አለ። አብዛኞቹ የአማርኛ መጻፊያዎች መጀመሪያ «ም»ን ያወጣሉ፤ አናባቢው ሲመታ እሷን አጥፍተው «ማ»ን ይተካሉ። ፕሮግራሙ የቀደመውን ፊደል ማጥፋት ካልፈቀደላቸው ስክሪኑ ላይ «ምማ» ይቀራል። ይህ ሲገጥማችሁ በጊምፕ የጽሑፍ መሣሪያ ማስተካከያ ውስጥ በተለየ መስኮት መጻፍ የሚያስችለውን አማራጭ ምረጡና እዚያ ጻፉ። በተለየው መስኮት በትክክል ከተጻፈና በምስሉ ላይ ሲጻፍ ብቻ ከተበላሸ ጉዳዩ የጊምፕ ነው። በሁለቱም ከተበላሸ ወደ ጂቲኬ ወይም ወደ መጻፊያው ፕሮግራም ሂዱ። እኔ በአስቸኳይ ሥራ ጊዜ የምጽፈው ሁልጊዜ በተለየው መስኮት ነው።

ስለ ፕለጊኖች አጭር ነገር ልጨምር። በጊምፕ ውስጥ ፕለጊኖች ከዋናው ፕሮግራም ተለይተው ለብቻቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ፋይል ከፍተው የሚያስቀምጡትም ሳይቀሩ ፕለጊኖች ናቸው። ስለዚህ ጄፔግ ሲቀመጥ ጊምፕ ሳይዘጋ የስሕተት መልእክት ብቻ ከመጣ ፕለጊኑን ተጠርጣሪ አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም በሲስተም ፎልደር ውስጥ የጣለው ተመሳሳይ ስም ያለው አሮጌ ላይብረሪ አለመኖሩን እዩ።

ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ ሲሞት ግን ከጉድለት በፊት ሒሳብ ሥሩ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የተዘጋጀ ኤ3 ገጽ 3508 በ4961 ፒክስል ነው፤ ከ17 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ማለት ነው። በ8 ቢት የቀለም ጥልቀት አንድ ሌየር 70 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ከ2.10 ጀምሮ የሚቻለውን 32 ቢት ከመረጣችሁ ያው ሌየር ወደ 280 ሜጋባይት ይጠጋል። ዐሥር ሌየር ያለው የቀን መቁጠሪያ 4 ጊጋባይት ባለው ኮምፒውተር ላይ ቢንገታገት አይገርምም፤ ማስታወሻው ሲሞላ ጊምፕ ትርፉን ወደ ዲስክ ይጽፋል፣ ዲስኩም ሊሞላ ይችላል። ለሕትመት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ 8 ቢት ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉድለቱ የጊምፕ የራሱ መሆኑ ከተረጋገጠ ሠሪዎቹ የሚጠይቋችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «በአዲሱ ኮድ ላይም አለ?» የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ጊምፕን ከምንጩ መገንባት፣ ማለትም ኮዱን ራሳችሁ ወደሚከፈት ፕሮግራም መለወጥ፣ እጅግ ይጠቅማል፤ ሰዎች እንደሚፈሩትም አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የቀለም ዓይነቶችን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለውጠው ባብል፣ ቀጥሎ የምስሉን ስሌት የሚሠራው ጌግል፣ በመጨረሻ ጊምፕ። ሦስቱንም በመነሻ ፎልደራችሁ ሥር በተለየ ፎልደር ውስጥ ጫኗቸው፤ ለሥራ ከምትጠቀሙበት ጊምፕ ጋር ፈጽሞ አታቀላቅሏቸው።

ጀማሪውን ሁሉ የሚያስቆመው ግንባታውን የሚያዘጋጀው ሜሰን የሚባል መሣሪያ «የተገኘው ባብል አሮጌ ነው» ብሎ ሲቆም ነው። አዲሱን ባብል አሁን ገንብታችሁ ሳለ እንዲህ የሚላችሁ፣ ፒኬጂ-ኮንፊግ የሚባለው ፈላጊ የኮምፒውተሩን አሮጌ ባብል ስላገኘ ነው። የራሳችሁን ፎልደር አስቀድሞ እንዲያይ የፍለጋ መንገዱን ለዚሁ በተመደበው የሲስተም ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ንገሩት። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይብረሪዎቹ በቀጥታ ሊብ በሚባለው ፎልደር አይገቡም፤ ከሥሩ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ስም በያዘ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። መንገዱ እስከዚያ ድረስ መድረስ አለበት። የላይብረሪ መንገዱንም እንዲሁ አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ግንባታው ያለ ችግር ያልቅና ሲከፈት አሮጌውን ጌግል አንሥቶ ይወድቃል። ፕሮግራሙ ከሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች መካከል የትኛው ከየት እንደተነሣ የሚያሳየው ኤልዲዲ የሚባለው ትእዛዝ እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት ያድናል።

እንደ እኛ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ኮዱን ማውረድ ራሱ ፈተና ነው፤ የኮዱን ለውጦች መዝግቦ የሚይዘው ጊት ሙሉውን ታሪክ ሲያወርድ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም። እኔ የማደርገው መጀመሪያ ዴፕዝ የሚባለውን አማራጭ 1 አድርጌ የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ማውረድ ነው። ከዚያ ዲፕን በሚለው አማራጭ ታሪኩን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ አራዝመዋለሁ። አንዱ ቢቋረጥ የሚጠፋው ያ ቁራሽ ብቻ ነው። የኔትወርክ ዋጋ በማይከብድበት ሌሊት ይህን መሥራት ይቀላል።

ታሪኩ የሚያስፈልገው «ድሮ ይሠራ ነበር፣ አሁን አይሠራም» ለሚባል ጉድለት ነው። ጊት ባይሴክት ከፎንቶቹ ጋር ያደረግነውን መግመስ በኮዱ ለውጦች ላይ ያደርገዋል፤ የሚሠራውን እትምና የማይሠራውን ትነግሩታላችሁ፣ እሱ መካከሉን ያወጣላችኋል፣ ገንብታችሁ ትሞክራላችሁ። ሺህ ለውጦች በዐሥር ሙከራ ገደማ ወደ አንዲት ይወርዳሉ። ብዙ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ በዘመኑ የነበረው ባብልና ጌግልም ሊያስፈልግ ይችላል። ያቺን አንዲት ለውጥ ያገኘ ሰው፣ አንድ መስመር ኮድ ባይጽፍ እንኳ ከሥራው ትልቁን ክፍል ጨርሷል። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ማስተካከያው ራሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ የት እንደሚገባ ማወቁ ነው ጊዜ የሚበላው።

የጊምፕ የጉድለት መዝገብ ያለው በኖም ፕሮጀክት ጊትላብ (ኮድና የጉድለት መዝገብ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ነው። እዚያ ስትጽፉ የእትሙን ዝርዝር ከትእዛዝ መስመር ቀድታችሁ አስገቡ፤ የላይብረሪዎቹን እትም ጭምር ይዘረዝራል። ጊምፕ ሲወድቅ የሚያወጣው የስሕተት መስኮት ካለ በእሱ ላይ ያለውን ሙሉውን ቅዱት፤ ዋናውን ፍንጭ የሚሰጠው መስመር ከታች ሊሆን ስለሚችል አትቁረጡት። ከባዶ ምስል ተነሥቶ ወደ ጉድለቱ የሚያደርሰውን መንገድ በተቻለ መጠን በጥቂት እርምጃ ጻፉ። የደንበኛን ሥራ አታያይዙ፤ ጉድለቱን የሚያሳይ ትንሽ ፋይል ሥሩ።

ጉዳዩ አማርኛ ከሆነ ደግሞ ይህ ብቻ አይበቃም። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ፊደላችንን ላያውቅ ይችላል፤ የተበላሸውና ትክክለኛው ምስል ለእሱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጉና የተሳሳተችውን ፊደል በቀይ ክበቡባት። የእያንዳንዱን ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር ጻፉለት፤ «ለ» 1208፣ አራት ነጥብ 1362 እያላችሁ። የፎንቱን ስምና እትም፣ የተጠቀማችሁበትን መጻፊያ ጨምሩ። እኔ ይህን ካደረግሁ ወዲህ «ምን ማለትህ ነው?» ብለው የሚመልሱልኝ ቀርቷል። የአማርኛ ጉድለቶች በመዝገቡ ላይ ጥቂት የሆኑት ጉድለት ስለሌለ አይደለም፤ እኛ ችለን ስለምናልፋቸውና ከእኛ ሌላ የሚያያቸው ስለሌለ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ማስተካከያውንም ራሳችሁ ከጻፋችሁ አንድ ለውጥ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን። መንገድ ላይ ያያችሁትን ሌላ ነገር በዚያው አታስተካክሉ፤ ገምጋሚው እንድትለያዩት ይመልሰዋል። በመልእክቱ ላይ የጉድለቱን ቁጥርና ለምን እንዲህ እንዳስተካከላችሁ ጻፉ። ሠሪዎቹ ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹም በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ፤ መልስ ሳምንታት ቢወስድ ተስፋ አትቁረጡ፣ ሲጠይቋችሁ ግን ቶሎ መልሱ። ለውጡ ከገባ በኋላ አዲሱን ኮድ አውርዳችሁ ያንኑ መንገድ እንደገና ሂዱበትና ውጤቱን በመዝገቡ ላይ አስፍሩ፤ ከተስተካከለም ካልተስተካከለም።